የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአነስተኛ ትራክተር የሚስማማ ማጨጃና ጎማ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጣቸው አራቱም ደብዳቤዎች ከአነስተኛ የእርሻ ትራክተር ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለቱ ስለ ማጨጃ፣ ሁለቱ ደግሞ ስለ ጎማ የሚጠይቁ ቢሆንም ጉዳዮቹ ተነጣጥለው የሚታዩ ስላልሆኑ በአንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል።

ጥያቄ፦ 30 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱ ትራክተር አለኝ። ከመሬቴ ገሚሱ የፍራፍሬ ዛፎች ያሉበት ሲሆን ቀሪው ለከብቶቼ ድርቆሽ የማዘጋጅበት የሣር መስክ ነው፤ በዳርቻው ደግሞ በየዓመቱ እየገፋ የሚመጣ ቁጥቋጦ አለ። ማጨጃ ልገዛ ብጠይቅ ሻጩ የመቁረጫ ስፋቱ 1.8 ሜትር የሆነ ሮታሪ ማጨጃ እንድወስድ መከረኝ፤ ሰፊ ከሆነ ሥራው ቶሎ ያልቃል ይላል። ምክሩን ልቀበለው?

መልስ፦ ሻጩ ነገሩን ከስፋት መጀመሩ አያስገርምም፤ ስፋት በዐይን የሚታይና ለማነጻጸር የሚቀል ነው። እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ሊመልሱት የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሣሩ ከታጨደ በኋላ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ የሚለው ነው። እዚያው ቀርቶ እንዲበሰብስ ከሆነ የሚከትፍ መሣሪያ ያስፈልግዎታል። ተሰብስቦ ለከብት የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ አገዳው ሳይሰባበር ከሥሩ ተቆርጦ መሬት ላይ መጋደም አለበት። ሁለቱንም ሥራ በእኩል ደረጃ የሚወጣ አንድ መሣሪያ የለም፤ አለ የሚልዎትን ሻጭ ይጠራጠሩት።

ሮታሪ ማጨጃ ከብረት ሽፋኑ ሥር በማርሽ ሣጥን የሚሽከረከሩ ወፋፍራም ምላጮች ያሉት ነው። ምላጮቹ በቡሎን ላይ እንደ ልብ ስለሚወዛወዙ ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲገጥማቸው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ስለዚህም መሣሪያው ቸልተኛ ባለቤትን እንኳ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። የሚሠራው ግን በመቁረጥ ሳይሆን በመምታት ነው ማለት ይቻላል። ለቁጥቋጦዎና ለረዘመ አረም ከእርሱ የሚሻል ብዙም የለም፤ ለድርቆሽ ግን ሣሩን ይቀጠቅጠዋል፣ ያጎሳቁለዋል፣ ቦታ ቦታ ላይም ይከምረዋል፤ ሲሰበስቡትም ጥሩ ጥሩው ቅጠል መሬት ላይ ይቀራል።

ለፍራፍሬው ክፍል ከትካች ማጨጃም ይመጣል። ይህ በአግድም ዘንግ ላይ ብዙ ትናንሽ ቢላዎች ተንጠልጥለው በደቂቃ ወደ 2000 ዙር በሚጠጋ ፍጥነት የሚሽከረከሩበት ነው። ሣሩንና ቀጫጭን ቅርንጫፉን አድቅቆ ይበትነዋል፤ ድንጋይም እንደ ሮታሪው አርቆ አይወረውርም፤ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ርዝመት አጭር በመሆኑም ከትራክተሩ ተጠግቶ ይንጠለጠላል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ለምን እንደሚጠቅም ከታች እመለስበታለሁ። ጉድለቱ ለተመሳሳይ ስፋት ከሮታሪው የበለጠ ጉልበት መፈለጉና እንክብካቤ ማብዛቱ ነው። አንድ ቢላ ከወደቀ ዘንጉ ሚዛኑን ስቶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ንቅናቄው ችላ ከተባለም ኩሽኔታውን ይበላዋል። አዲስ ቢላ ሲገጥሙም በዘንጉ ተቃራኒ በኩል ያለውን ያረጀ ቢላ አብረው መቀየር ይኖርብዎታል፤ አዲሱ ከተበላው የበለጠ ስለሚከብድ።

ለድርቆሹ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። ባለ መቀስ ማጨጃ፣ ማለትም ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች በተደረደሩበት ረጅም ዘንግ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚቆርጠው፣ ክብደቱም የሚፈልገው ጉልበትም አነስተኛ ስለሆነ እንደ እርስዎ ላለው ትራክተር እጅግ ይስማማል፤ አገዳውን ከሥሩ አንዴ ቆርጦ ሳይነካካ ያጋድመዋል። ነገር ግን ስለቱ ካልተሳለ፣ ሣሩ ከተጋደመ ወይም ውሃ ካዘለ ይታፈናል፤ ድንጋይና የጉንዳን ኩይሳ የበዛበት መስክም ጠላቱ ነው። ባለ ከበሮ ማጨጃ በሁለት ትላልቅ ከበሮዎች ግርጌ በተገጠሙ ትናንሽ ምላጮች የሚያጭድ ሲሆን፣ የሚበላሽ ክፍሉ ጥቂት ነው፤ የተጋደመና እርጥብ ሣርም አያሳስበውም። ችግሩ ክብደቱ ነው። ስፋቱ 1.65 ሜትር የሆነው 300 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ያውም ክብደቱ በትራክተሩ መካከል ሳይሆን ወደ ቀኝ ወጥቶ ነው የሚንጠለጠለው። እርሱን ከመረጡ ጠበብ ያለውን፣ ወደ 1.35 ሜትር የሚጠጋውን ይውሰዱ።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። በትራክተሩ ላይ የተጻፈው 30 የፈረስ ጉልበት የሞተሩ ነው። ማጨጃውን የሚያዞረው ግን ከኋላ በፒቲኦው፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ የተገጠመውን መሣሪያ በሚያዞረው ዘንግ በኩል የሚወጣው ጉልበት ሲሆን፣ እርሱም በአብዛኛው ከሞተሩ ከ85 እስከ 90 በመቶ ያህሉ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ከ25 እስከ 27 የፈረስ ጉልበት ቢሆን ነው። ሮታሪ ማጨጃ ጠንካራ ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል የሚለው የቆየ ስሌት እስከ ዛሬ የሚያገለግል ነው። በዚህ መሠረት ሻጩ የመከረዎት ባለ 1.8 ሜትር 30 የፈረስ ጉልበት ከፒቲኦው ይጠይቃል፤ የለዎትም። ባለ 1.5 ሜትሩ 25 ይፈልጋል፤ ይህም በጭንቅ ይበቃል። ባለ 1.2 ሜትሩ 20 ብቻ ስለሚፈልግ ቁጥቋጦ ውስጥም ሳይንገዳገድ ይሠራል። ሰፊው ማጨጃ በማርሽ ዝግ ብለው ቢነዱት ያው ሥራ ይሠራል የሚል ቢኖር፣ ያን ጊዜ በስፋት የተገኘው ጊዜ በፍጥነት ተመልሶ መጥፋቱን ያስታውሱት።

በጣም ጠባብ የሆነም የራሱ ጣጣ አለው። ማጨጃው ከኋላ ጎማዎቹ የውጭ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ስፋት ካልሸፈነ ጎማው የጨፈለቀው ሣር ሳይታጨድ ይቀርና ከሁለት ቀን በኋላ ቀና ብሎ መስመር ይሠራል። ስለዚህ ሜትር ይዘው የትራክተርዎን ስፋት ይለኩ። ማጨጃው በጥቂቱ ቢያንስ እንኳ ወደ አንድ ጎን ገፋ ተደርጎ ሊታሰር የሚችል ከሆነ አንዱን ጎማ ሸፍኖ፣ ወደ ዛፎቹም ተጠግቶ ያጭዳል።

ከጉልበቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሚዛኑ ነው። ትናንሽ ትራክተሮች አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አንሷቸው ሳይሆን ክብደት አንሷቸው ነው የሚቸገሩት። ምሳሌ ልስጥዎት፦ 1200 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር 480 ኪሎው በፊት አክስል ላይ አርፏል እንበል። በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን ማጨጃ ተሰቅሎ የክብደቱ ማዕከል ከኋላ አክስል 1.6 ሜትር ወደ ኋላ ቢወድቅ፣ የኋላ አክስል እንደ ሚዛን መደገፊያ ስለሚሆን ከፊት ልክ 300 ኪሎ ይነሣል። በፊት ጎማዎች ላይ የሚቀረው 180 ኪሎ፣ ማለትም ከጠቅላላው 1500 ኪሎ 12 በመቶ ብቻ ነው። መሪው እንዲታዘዝ ግን ቢያንስ 20 በመቶው ፊት ላይ መሆን አለበት። ከፊት አክስሉ ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ወጣ ባለ ቦታ 120 ኪሎ የብረት ክብደት ቢሰቀል ችግሩ ይፈታል። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ከትካች ማጨጃ የክብደቱ ማዕከል ከአክስሉ 1 ሜትር ብቻ ቢርቅ ግን ከፊት የሚነሣው 190 ኪሎ ገደማ ነው። ከላይ ስለ አጭርነቱ ያነሣሁት ለዚህ ነበር።

በሚገዙበት ጊዜ የማንሻ ክንዶቹን አቅም ሲጠይቁ የትኛው ቦታ ላይ እንደተለካ አብረው ይጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች በክንዶቹ ጫፍ ላይ፣ ሌሎች ደግሞ ከጫፉ 61 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ የሚነሣውን ክብደት ነው የሚጽፉት። የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ለማጨጃ ግን ወደ እውነቱ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው።

ፒቲኦውንም ይመልከቱ። አብዛኞቹ የትናንሽ ትራክተሮች ማጨጃዎች በደቂቃ 540 ዙር እንዲሠሩ የተዘጋጁ ሲሆን፣ የዚህ ዘንግ ጫፍ ስድስት ጥርስና 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 21 ጥርስ ያለው ለ1000 ዙር የተሠራ ነው፤ በመቀየሪያ አጋጥመው አንዱን ለሌላው አይጠቀሙ። ከማጨጃው ጋር የሚመጣው የፒቲኦ ዘንግ ርዝመትም ለእርስዎ ትራክተር የተለካ አይደለም። ማጨጃውን ገጥመው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ዘንጉን ለሁለት ለያይተው አንዱን ክፍል ከትራክተሩ፣ ሌላውን ከማጨጃው ጋር ያያይዙና ጎን ለጎን አድርገው ይያዟቸው። ማጨጃውን ዝቅና ከፍ እያደረጉ ሁለቱ ጫፎች እጅግ የሚቀራረቡበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። እዚያ ቦታ ላይ አንዱ የሌላውን መጨረሻ የሚነካ ከሆነ በሁለቱም በኩል እኩል መቆረጥ አለባቸው፤ ሳይቆረጥ ከተሠራበት ማጨጃው ሲነሣ ዘንጉ የትራክተሩን ማርሽ ሣጥን ይገፋል። እጅግ በሚራራቁበት ቦታ ደግሞ ከዘንጉ ርዝመት ሲሶ ያህሉ ተደራርቦ መቅረት አለበት። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ አስተካክለው፣ የላስቲክ መከላከያውንም በዚያው ልክ አሳጥረው፣ ግራሶ ቀብተው ይግጠሙት።

ውሳኔዬን ከጠየቁኝ፣ በቅድሚያ የሚገዙት ለድርቆሹ የሚሆን ባለ መቀስ ማጨጃ ቢሆን እመርጣለሁ። ድርቆሽ ጊዜው ካለፈ የማይመለስ ሥራ ነው፤ ቁጥቋጦው ግን በዓመት አንዴ የሚሠራ ስለሆነ ለእርሱ ሮታሪ ማጨጃ መከራየት ይቻላል። አቅም ሲገኝ ለፍራፍሬው ወደ 1.25 ሜትር የሚጠጋ ከትካች ማጨጃ ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ የትራክተሬ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቋል። ጎናቸው ላይ 11.2-24 ይላል። አራቱም ጎማዎች የሚነዱ ሲሆን የፊቶቹ ገና ደህና ናቸው። በዋናነት ሣር አጭድበታለሁ፤ በዘር ወቅት ደግሞ አርስበታለሁ፤ መሬቴ ተዳፋት ይበዛበታል። አንድ ነጋዴ ሣር የማይጎዱ ለስላሳ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች ለኋላ ብቻ እንድገዛ ሐሳብ አቅርቦልኛል። ሌላ ሰው ደግሞ ጎማዎቹን ውሃ ሙላባቸው አለኝ።

መልስ፦ በመጀመሪያ በጎኑ ላይ ያነበቡት 11.2 የጎማውን ወርድ፣ 24 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይገልጻል፤ በመካከላቸው ያለው ሰረዝ ጎማው ራዲያል፣ ማለትም የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉበት ዐይነት፣ አለመሆኑን ያሳያል፤ ራዲያል ቢሆን ኖሮ በሰረዙ ቦታ አር የሚለው ፊደል ይገኝ ነበር። ይህንን ማወቅ የሚጠቅመው ለመግዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከታች እንደምናየው፣ ስለ ውሃውም ለመወሰን ነው።

የእርሻ ጎማዎች በጥርሳቸው ዐይነት በኮድ ይለያያሉ። አር-1 የሚባለው ረጃጅም የተጋደሙ ጥርሶች ያሉት የተለመደው የእርሻ ጎማ ነው፤ ጭቃ ሲገጥመው ጥርሱ ውስጥ የገባውን አፈር ወደ ጎን እየጣለ ይሄዳል። አር-1 ደብልዩ ጥርሱ ከዚህ ጠለቅ ያለ ለእርጥብ መሬት የሚሆን ነው። አር-2 ለሩዝና ለረግረግ ማሳ ስለሆነ እርስዎን አይመለከትም። አር-3 ነጋዴው ያቀረበልዎት ነው፤ ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ሰፊ ቦታ ይዞ የሚያርፍ በመሆኑ የግቢ ሣርን አይቆፍርም። አር-4 በአር-1ና በአር-3 መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ ጥርሱ ወፍራምና ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ፊት ለፊት አፈር ለሚዝቁና ጠንካራ መሬት ላይ ለሚውሉ ትራክተሮች ይመረጣል።

አር-3 ደረቅና ሜዳ መሬት ላይ ለሚያጭድ ሰው ከሁሉም የተሻለ ነው። በእርጥብ ተዳፋት ላይ ግን ጥርሱ በሣር ጭማቂና በጭቃ ወዲያው ይሞላና እንደ ልሙጥ ጎማ ይሆናል፤ ለማረስም አቅም የለውም። እርስዎ ተዳፋት አለብኝ፣ አርሳለሁም ካሉ ምርጫዎ አር-1 መሆን አለበት። ሣሩን ይጎዳል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ የሚጎዳው ግን በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳይሆን በጠባቡ ሲዞር ነው። በመስኩ ዳር ሰፋ አድርገው ቢዞሩና መሬቱ ከዝናብ በኋላ ትንሽ እስኪጠነክር ቢጠብቁ ለድርቆሽ መስክ የሚበቃ ውጤት ያገኛሉ። የድርቆሽ መስክ የኳስ ሜዳ አይደለም።

ለኋላ ብቻ ዐይነቱ የተለየ ጎማ መግዛት የሚለው ሐሳብ ግን ከምርጫ ያለፈ ስሕተት ነው። አራቱም ጎማዎች በሚነዱበት ትራክተር ላይ የፊትና የኋላ አክስሎች በማርሽ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ኋላው አንድ ጊዜ ሲዞር ፊቱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በፋብሪካ ተወስኖ የተቀመጠ ነው። ጎማዎቹም በዚያው ልክ ተመርጠዋል፤ ፊቶቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ ያህል ፈጠን ብለው መሬቱን እንዲስቡ ይደረጋል። የኋላው ጎማ ቁመቱ ከተለወጠ ይህ ስምምነት ይፈርሳል፤ ፊቱ ከመጠን በላይ ይጎትታል ወይም በኋላው ይገፋል። በዚህ ምክንያት የፊት ጎማ ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ ከዚያም አልፎ የፊት አክስሉ ማርሾች ይጎዳሉ። ጥገናው ከአራት ጎማ በላይ ያስወጣል።

ይህን ራስዎ መለካት ይችላሉ። ጎማዎቹን በሚገባ ነፍተው፣ ማጨጃው ተሰቅሎ ሳለ፣ ትራክተሩን ጠፍጣፋ ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ። የፊቱ መንጃ መለቀቁን ያረጋግጡ። የኋላው ጎማ መሬት የነካበት ነጥብ ላይ ጎማውንም መሬቱንም በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ዝግ ብለው ቀጥ አድርገው ይንዱና ምልክቱ አምስት ጊዜ መሬት ሲነካ አቁመው ርቀቱን ይለኩ፤ ለአምስት ቢያካፍሉት ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደውን ርቀት ያገኛሉ። ለፊቱም ተመሳሳዩን ያድርጉ። ከዚያ የፊቱን ርቀት በትራክተሩ መመሪያ ላይ በተጻፈው የማርሽ ምጣኔ፣ ማለትም ኋላው አንዴ ሲዞር ፊቱ በሚዞርበት ቁጥር ያባዙትና ከኋላው ርቀት ጋር ያነጻጽሩት። የፊቱ ከ1 እስከ 5 በመቶ ከበለጠ ደህና ነው። ካነሰ ወይም ከዚያ ብዙ ከበለጠ አዲሶቹን የኋላ ጎማዎች ከአሮጌዎቹ የፊት ጎማዎች ጋር አያጣምሯቸው። እርስዎ ያው ዐይነትና ያው ልክ አር-1 ለኋላ ቢገዙ፣ የፊቶቹም ያልተበሉ ከሆነ፣ ሁለቱን ብቻ መቀየር ሊበቃዎት ይችላል።

ሲያስገጥሙ በጎኑ ላይ ያለውን ቀስት ይመልከቱ። አር-1 ወደ ፊት ሲሄድ የተጋደሙት ጥርሶች የሚገናኙበት የመካከሉ ጫፍ መሬቱን ቀድሞ መንካት አለበት፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ጭቃውን ወደ ውጭ በመጣል ፈንታ ወደ መካከል ይሰበስበዋል። በተጨማሪም የብዙ ትናንሽ ትራክተሮች የኋላ ቸርኬ ተገልብጦ ሲገጠም በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ይጨምራል። ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ አዲስ ጎማ ከመግዛት ያላነሰ ጥቅም አለው፤ ግራና ቀኙ ሲለዋወጥ ቀስቱ ትክክለኛውን አቅጣጫ መያዙን ብቻ ያረጋግጡ፣ ማጨጃውም ሰፊውን ዱካ መሸፈኑን አይርሱ።

ስለ ውሃው፦ የመከሩዎት ሰው ልክ ናቸው፤ ግን ውሃው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ መለየት ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ በእርስዎ ልክ አንድ ጎማ ውስጥ ከ100 ሊትር በላይ ይገባል፤ በሁለቱ ጎማዎች ከ200 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት ዝቅ ባለ ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ይረጋል፤ ጎማውም መሬቱን የበለጠ ይጨብጣል። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፊት መቅለል ግን አያስተካክልም፤ ክብደቱ ያረፈው በኋላው አክስል ላይ ነው፣ ሚዛኑ የሚዞርበትም እርሱ ነው። ለዚያ የፊት ብረት ያስፈልጋል።

ራዲያል ላልሆነ ጎማ የሚሞላው እስከ 75 በመቶ ብቻ ነው። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ የአየር መሙያው ወደ ላይኛው ጫፍ ይዞራል፤ ውሃው እስከዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ቀሪው በአየር ይነፋል። ከዚያ በላይ ከሞሉት አየሩ የሚሰጠው ልስላሴ ጠፍቶ ጎማው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ለራዲያል ጎማ መጠኑ ከዚህ በጣም ያንሳል። ውርጭ በሚበረታበት ቦታ ንጹሕ ውሃ ስለሚረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የሚጨምሩበት አሉ፤ ከውሃ 20 በመቶ ያህል ይከብዳል፤ ግን ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ውስጥ ከገባ ቸርኬውን ያዝገዋል።

የአየሩን ነገር በአጭሩ ልንገርዎት። የአምራቹን ሠንጠረዥ ይከተሉ፤ በመለኪያ እንጂ በእግር በመርገጥ አይለኩ። ለሣሩ ይሻላል ብለው አየሩን እጅግ ከቀነሱት፣ ተዳፋት ላይ ጎማው ወደ ጎን ይለመጣል፣ ጥርስ ያለው ጎማም በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ የከመነዳሪውን የአየር መሙያ ሊቆርጠው ይችላል። በእንዲህ ያለ መሬት መገልበጫ መከላከያ ዘንግ የሌለውን ትራክተር አይንዱ፤ ዘንጉ ካለም የመቀመጫውን ቀበቶ ይታሰሩ፤ ዘንግ ያለ ቀበቶ ግማሽ ጥበቃ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌ ትራክተሬን ሮታሪ ማጨጃ ገጥሜበት ስሠራ፣ አጥር ጋ ደርሼ ፍሪሲዮን ስረግጥ ትራክተሩ አልቆም ብሎ ጥቂት ሜትር ይገፋኛል። ፍሬኑ ግን ጤነኛ ነው።

መልስ፦ ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም ጤነኛ ሆነው ሳለ ይህ ይከሰታል። በእርስዎ ዐይነቱ አሮጌ ትራክተር ላይ ፒቲኦው የሚነዳው ከፍሪሲዮኑ በኋላ ካለው የማርሽ ክፍል ነው። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ሞተሩ ይለያያል፤ እነዚያ ከባድ ምላጮች ግን በያዙት ፍጥነት መሽከርከራቸውን አያቆሙም። ጉልበታቸው በፒቲኦ ዘንጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ማርሹን፣ ማርሹም ጎማውን ያዞራል። ማጨጃው ትራክተሩን እየነዳው ነው ማለት ነው። አጥር ጋ ሲሆን ያስቀይማል፤ ገደል ጋ ሲሆን ይገድላል።

መፍትሔው በፒቲኦው ጫፍና በዘንጉ መካከል የሚገጠም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ማጋጠሚያ ነው። ትራክተሩ ማጨጃውን እንዲያዞር ይፈቅዳል፤ ማጨጃው ትራክተሩን ሊያዞር ሲሞክር ግን ይለቅቃል፤ የብስክሌት የኋላ ጎማ ፔዳሉ ሲቆም ብቻውን እንደሚሽከረከረው ያለ ነው። ከዘንጉ ርዝመት ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ስለሚጨምር ግን ከላይ የተጻፈውን የዘንግ ልክ እንደገና ማረጋገጥ አይቀርም። እስኪያገኙት ድረስ ከአጥርም ከተዳፋት ጠርዝም ርቀው ይሠሩ፤ ለማቆም ሲያስቡ አስቀድመው ሞተሩን ዝቅ አድርገው ማርሹን ወደ ዜሮ ያውጡ።

ይህ መሣሪያ የምላጮቹን መሽከርከር አያቆምም፤ እንዲያውም ፒቲኦው ቆሞ ምላጩ ለረጅም ጊዜ በራሱ ይዞራል። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ነቅለው ሁሉም ነገር ጸጥ እስኪል ይጠብቁ እንጂ ከሽፋኑ ሥር እጅ አያግቡ። በደቂቃ 540 ዙር ማለት በሰከንድ ዘጠኝ ዙር ነው፤ ልብስ ከያዘ ለመጮኽም ጊዜ አይሰጥም።

በዚያው እግረ መንገድ የማጨጃውን መከላከያ ይመርምሩ። አንዳንዱ ከባድ ነገር ሲመታ እንዲቆረጥ የተተወ ቡሎን አለው፤ እርሱ በተቆረጠ ቁጥር ስለሚያበሳጭ በጠንካራ ቡሎን የሚተኩት ሰዎች አሉ፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ማርሽ ሣጥኑ ነው። ሌላው ደግሞ እንዲንሸራተት የተሠራ ፍሪሲዮን አለው። ይህ ለወራት ከቆመ በኋላ ዝጎ ይጣበቃልና ስፕሪንጎቹን አላልተው አንድ ጊዜ አንሸራተው ወደ ነበረበት ልክ ይመልሱት። የምላጮቹ ዘንግ ከማርሽ ሣጥኑ የሚወጣበት ቦታ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ወይም የማሰሪያ ክር ካገኙም ቆርጠው ያውጡት። ቀስ በቀስ የዘይት መከላከያውን ይበላና ማርሽ ሣጥኑ ዘይቱን ያፈሳል፤ ዘይቱ የወረደው ሣር ውስጥ ስለሚሆን ብዙ ሰው የሚያስተውለው ማርሽ ሣጥኑ ከጮኸ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ቁጥቋጦ ባጨድኩ ቁጥር የፊት ጎማዬ ይተነፍሳል። እሾህ አይደለም፤ እንጨት ነው የሚወጋው። ጠንካራ ጎማ ልግዛ?

መልስ፦ ሮታሪ ማጨጃ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲቆርጥ ግንዱን እንደ ችካል ሾል አድርጎ ይተወዋል። ማጨጃው ከኋላ ስለሆነ ደግሞ በሚቀጥለው መስመር ሲመለሱ ጎማዎ የሚያልፈው በነዚያ ችካሎች ላይ ነው። ስለዚህ ጎማ ከመግዛትዎ በፊት መስመርዎን ይለውጡ። አንድ ጎማ ሁልጊዜ ባልታጨደው ላይ፣ ሌላው በታጨደው ላይ እንዲሄድ ከማድረግ ይልቅ፣ ትራክተሩ በሙሉ ገና ባልታጨደው ላይ እንዲሄድ በመስመሮቹ መካከል ያለውን መደራረብ ያሳንሱት፤ ያልተቆረጠ ግንድ ጎማ ሲጫነው ይጎነበሳል እንጂ አይወጋም። ማጨጃውን መሬት ሳይነካ በተቻለ መጠን ዝቅ ያድርጉ፤ የፊቱ ጠርዝ ከኋላው ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ምላጩ በአንድ ጊዜ ቆርጦ ያልፋል።

ይህ ካልበቃ፣ ልኩን ጠብቀው የንብርብር ቁጥሩ ከፍ ያለ ጎማ ይፈልጉ፤ በጎኑ ላይ 4 ከሚለው ይልቅ 6 ወይም 8 የሚለው ይጠነክራል። አር-4 ጎኑ ስለሚደነድን ይረዳል፤ ግን አራቱም ጎማዎች የሚነዱ ከሆነ በአራቱም መቀየር ይኖርብዎታል። ቀዳዳውን ከውስጥ የሚደፍን ፈሳሽ ለትንሽ እሾህ ይሠራል፤ ለጣት የሚያህል እንጨት ግን አይበቃም።

በተረፈ ቁጥቋጦ ሲያጭዱ ከሽፋኑ ፊትና ኋላ የሚንጠለጠለው ሰንሰለት ተሟልቶ መኖሩን ይመልከቱ። ሮታሪ ማጨጃ የመታውን ድንጋይ ወይም የእንጨት ስባሪ ከ90 ሜትር በላይ ሊወረውር ይችላል፤ ሰውም ከብትም ከዚያ ክልል ውጭ መሆን ይኖርበታል።